ሲ ሞልቷል፣ ዲ የለኝም

የአንባቢያን የኮምፒዩተር ጥያቄዎች ከደሴ

በዚህ ወር ከመጡልኝ ደብዳቤዎች መካከል ሃርድ ዲስክ መክፈልን፣ ማለትም አንዱን ዲስክ ሲ፣ ዲ እያሉ መከፋፈልን የሚመለከቱትን ብቻ ለይቼ አወጣሁ። የመጀመሪያውን ዘለግ አድርጌ እመልሳለሁ፤ ለሌሎቹም የሚሆን ብዙ ነገር እዚያ ውስጥ አለ።

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ኮምቦልቻ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ደንበኞቼ በብዛት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በፍላሽ ይዘው ይመጣሉ፤ ከፍላሹ ጋር ቫይረሱም ይመጣል። በዚህ የተነሳ ላፕቶፔ ሁለት ጊዜ ፎርማት ተደርጎ ሁለቱንም ጊዜ የሰው ሥራ ጠፋብኝ። ዊንዶውስ 10 ነው የተጫነበት። አንድ ቴራ ነው ብለው ሸጡልኝ፣ እኔ የማየው ግን 930 ጊጋ ነው፤ ያለውም ሲ ብቻ ነው። ዲ ቢኖርሽ ይሻልሻል ተባልኩ። የሚሠራልኝ ልጅ ግን ለመክፈል መጀመሪያ ሁሉም ፎርማት መደረግ አለበት ይላል። እውነት ነው? ራሴ ልከፍለው እችላለሁ? ዲ ካለኝስ ከእንግዲህ አይጠፋብኝም?»

አብሽሪ እህቴ፣ ፎርማት አያስፈልግሽም። ልጁ የሚለው በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ልክ ነበር። ያኔ ዊንዶውስ የተቀመጠበትን ሲ ራሱ ማሳነስ አይችልም ነበርና ወይ ሌላ ፕሮግራም መግዛት ወይ ሁሉን ጠርጎ እንደ አዲስ መጀመር ግድ ነበር። በፈረንጆቹ 2007 ለሕዝብ ከቀረበው ቪስታ ወዲህ ግን ማሳነሻው ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ ይመጣል። የእኛ ባለሙያ ግን «ክፈልልኝ» ሲሉት ዛሬም እጁ የሚሄደው ወደ መጫኛው ፍላሽ ነው፤ ፎርማት ያስከፍላላ! ይህን በመጻፌ ፒያሳ ያሉ የሙያ ጓደኞቼ ለጥቂት ሳምንት ቡና አይጋብዙኝም።

በ930ው ጉዳይ ማንም አልሰረቀሽም። ፋብሪካው ሲቆጥር በሺህ በሺህ ያበዛል፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1024። አንድ ትሪሊዮን ባይት በዊንዶውስ ቆጠራ 931 ጊጋ ነው የሚሆነው። 500 ተብሎ የተሸጠውም 465 ሆኖ ይታያል።

አሁን ወደ ሥራው። ሌላ ነገር ከመንካትሽ በፊት የደንበኞችሽን ሥራ ሁሉ ወደ ውጪ ዲስክ ገልብጪ። ማሳነስ ብዙውን ጊዜ በሰላም ያልቃል፤ የታመመ ዲስክ ላይ ግን እንዲህ ያለው ሥራ የመጨረሻው ይሆናል። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው ወይም ፋይል ሲከፈት ደርቆ የሚቆም ከሆነ መክፈሉን ተዪው፤ ገልብጠሽ አዲስ ዲስክ ግዢ። ደህና ከሆነም ሲ ላይ ራይት ክሊክ አድርገሽ በፕሮፐርቲስ ውስጥ ቱልስ ከሚለው ሥር «ቼክ» በይውና ስሕተት ካለ ያስተካክል። ቻርጀሩን ሰኪ፣ ባትሪውም የሞላ ይሁን። መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ላፕቶፕ ስለሆነ ባትሪው ያሻግርሻል። የተሰካ ፍላሽ ካለ ንቀዪ። ከዲስኮቹ ዝርዝር ውስጥ አንድ ብቻ ስታዪ አትሳሳቺም።

ከዚያ የስታርት ምልክቱ ላይ ራይት ክሊክ አድርጊ፣ ዲስክ ማኔጅመንት የሚለውን ክፈቺ። ከታች በኩል ዲስክሽ እንደ ረጅም ሰቅ ተዘርግቶ ይታይሻል። ከትልቁ ሲ ግራና ቀኝ ትንንሽ ክፍሎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ አንዱ ኮምፒዩተሩ ሲነሳ የሚጠቀምበት ነው፣ ሌላው ዊንዶውስ ሲበላሽ መጠገኛው፣ ሪከቨሪ የሚባለው ነው። «መቶ ሜጋ ምን ያደርጋል» ብሎ የመጀመሪያውን የሰረዘ ሰው ኮምፒዩተሩ በማግሥቱ አይነሳለትም። አትንኪያቸው።

ሲ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ሽሪንክ ቮልዩም»። ትንሽ ካሰበ በኋላ ቁጥር የሚጻፍበት ሣጥን ያመጣልሻል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሣጥኑ የሚጠይቅሽ ለሲ የምታስቀሪውን ሳይሆን ከሲ ላይ የምትቆርጪውን ነው። የሚጠይቀውም በጊጋ ሳይሆን በሜጋ ነው። አምስት መቶ ብለሽ ብትጽፊ ግማሽ ጊጋ እንኳ የማይሞላ ዲ ይወጣልሻል፤ እንዲህ ያለች ዲ ያላት ላፕቶፕ ወደ ሱቄ መጥታ አይቻለሁ። አንድ ጊጋ 1024 ሜጋ ስለሆነ ለ500 ጊጋ 512000 ብለሽ ጻፊ። ለሲ 430 ገደማ ይቀርለታል፤ ይበቃዋል። ሁለቱን እኩል አታድርጊያቸው፣ ምክንያቱን በኋላ ታገኚዋለሽ።

ምናልባት «ከዚህ በላይ መቁረጥ አልችልም» ብሎ ትንሽ ቁጥር ያሳይሽ ይሆናል። ባዶ ቦታ እያለ ለምን? ዊንዶውስ ሥራ ላይ እያለ ከቦታቸው የማይነቀሉ ፋይሎች አሉት፤ ከነዚህ አንዱ መሃል ላይ ከተቀመጠ መቁረጫው እሱ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ዋነኞቹ ሦስት ናቸው፦ የሃይበርኔሽን ፋይል (ኮምፒዩተሩ ሲተኛ የተከፈተውን ሥራ የሚያስቀምጥበት)፣ የቨርቹዋል ሜሞሪ ፋይል (ሜሞሪው ሲያንስ ዲስኩ የሚያግዝበት) እና የሪስቶር ነጥቦች (ዊንዶውስን ወደ ቀድሞ ሁኔታው መመለሻ)። ሪስቶሩን ከሲስተም ፕሮቴክሽን ውስጥ አጥፊው። ቨርቹዋል ሜሞሪውን ከአድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ለጊዜው «ኖ ፔጂንግ ፋይል» አድርጊው። ለሃይበርኔሽን ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍተሽ «ፓወርሲኤፍጂ» ብለሽ ሳትነጣጥዪ ትጽፊና ክፍተት፣ ስላሽ ኤች፣ ክፍተት፣ ኦፍ (powercfg /h off)። ሪስታርት አድርገሽ እንደገና ሞክሪ። ቆርጠሽ ስትጨርሺ ሦስቱንም ወደነበሩበት መልሺ፤ ቨርቹዋል ሜሞሪ ሲረሳ በኋላ «ኮምፒዩተሬ ሜሞሪ አለቀ ይለኛል» የሚል ሌላ ደብዳቤ ይመጣልኛል።

የተቆረጠው ቦታ ጥቁር መስመር ከላዩ ይዞ «አንአሎኬትድ» ተብሎ ይቀመጣል። እሱ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ኒው ሲምፕል ቮልዩም»፣ ከዚያ ኔክስት ኔክስት ነው። በመሃል «ዲስኩ ፎርማት ካልተደረገ መጠቀም አይቻልም» የሚል መልእክት ብቅ ሊል ይችላል፤ የሚያወራው ስለ አዲሱ ባዶ ክፍል ነውና አትደንግጪ፣ ካንስል ብለሽ የጀመርሽውን ቀጥዪ። ዓይነቱ ኤንቲኤፍኤስ (ዊንዶውስ ፋይል የሚያደራጅበት ስልት) ይሁን፣ ኩዊክ ፎርማት የሚለው ምልክት እንዳለ ይቆይ። ላፕቶፑ የሲዲ ማጫወቻ ካለው ዲ የምትለዋ ፊደል በሱ ተይዛ ይሆናል፤ ያንቺው ኢ ይባላል እንጂ ምንም አይጎድልበትም። ሲ ራሱ ሦስተኛ ፊደል የሆነው ኤ እና ቢ ለፍሎፒ ስለተሰጡ ነው። ፍሎፒው ከጠፋ ስንት ዘመኑ፣ ፊደሎቹ ግን እስካሁን ቦታ እንደያዙ ናቸው።

ስም የሚሞላበት ቦታ ላይ «ኒው ቮልዩም» የሚለውን አጥፍተሽ በላቲን ፊደል የራስሽን ስም ስጪው፤ «ደንበኛ» በይው፣ «ሥራ» በይው። ይህንና መጠናቸው እኩል አይሁን ያልኩሽን ነገር ልብ በይ። ነገ ዊንዶውስ እንደገና ሲጫን የመጫኛው ገጽ ሲ እና ዲ የሚባል ፊደል አያሳይም፤ «ድራይቭ 0 ፓርቲሽን 3» እያለ ቁጥር፣ መጠንና ስም ነው የሚደረድረው። ሁለት እኩል፣ ስም የለሽ ክፍል ፊቱ የተቀመጠ ልጅ፣ በዚያ ላይ ወረፋ የሚጠብቅ ደንበኛ ካለበት፣ የትኛውን እንደሚጠርግ አንቺም እኔም አናውቅም። ስሙንና መጠኑን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ላፕቶፑ ላይ ለጥፈሽ ላኪው።

ዲ መኖሩ ብቻውን ምንም አያድንም፣ ፋይሉ እዚያ ካልተቀመጠ። ዴስክቶፕ ላይ የምታስቀምጪው ሁሉ፣ ዶክመንትስም፣ ያለው ሲ ውስጥ ነው። ዶክመንትስ ላይ ራይት ክሊክ አድርገሽ በፕሮፐርቲስ ውስጥ «ሎኬሽን» ከሚለው ሥር «ሙቭ» በይና ዲ ውስጥ የከፈትሽለትን ፎልደር አሳዪው። ለዴስክቶፑም እንደዚያው። ዋናውን ዲ ብቻ ሳይሆን ውስጡ ፎልደር ከፍተሽ እሱን ማሳየትሽን እርግጠኛ ሁኚ፤ አለዚያ ዲ ራሱ ዶክመንትስ ሆኖ ይቀርና መመለሱ ራስ ምታት ነው። የፕሮግራሞቹን ፎልደር ግን ከሲ አታንቀሳቅሺ።

የመጨረሻው ጥያቄሽ ከሁሉም ይበልጣል። ዲ የሚያድንሽ ከፎርማት ብቻ ነው። ቤትን በጣውላ ለሁለት ብትከፍዪው ጣሪያው ሲያፈስ ሁለቱም ክፍል ይረጥባል፤ ሲ እና ዲም አንድ ብረት ላይ ናቸው፣ ዲስኩ ሲሞት አብረው ይሞታሉ። ቫይረሱም ግድግዳ አያውቅም፤ ሲ ተጠርጎ ዊንዶውስ አዲስ ከተጫነ በኋላ ዲ ውስጥ የተደበቀውን አንድ ጊዜ ደብል ክሊክ ስታደርጊው ተመልሶ ይነሳል። አዲስ ከተጫነ በኋላ ዲን ከመክፈትሽ በፊት አብሮ በሚመጣው ፀረ ቫይረስ፣ በዊንዶውስ ዲፌንደር አስፈትሺው። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ መደበኛ ነፃ የደኅንነት ማሻሻያው ቆሟል። የተማሪ ፍላሽ ቀኑን ሙሉ ለሚሰካበት ማሽን ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11ን የሚችል ከሆነ አሻሽዪው።

ስለዚህ ከዲ በተጨማሪ አንድ የውጪ ዲስክ ያስፈልግሻል። ሥራ ስትጨርሺ ገልብጠሽ ንቀዪው፣ ከሱቁ ውጪ አሳድሪው። ደሴ ዘመድ ካለሽ ሐረጎን በወጣሽ ቁጥር ሁለተኛ ቅጂ እዚያ ማስቀመጥም አይከፋም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ ደሴም ኮምቦልቻም ስንት ቢሮና ሱቅ ኮምፒዩተሩ ከነመሣሪያው እንደተወሰደ አንቺም ታውቂዋለሽ። ያኔ ሥራቸው የተረፈላቸው ሰዎች ማሽኑን ትተው ዲስኳን ጉያቸው ከተው የወጡት ናቸው። ዲ ድራይቭ በዚያ ቀን ለማንም አልሆነም።

«መምህር ነኝ፣ ደሴ። የቤቴ ዴስክቶፕ ሲገዛ ጀምሮ ሲ፣ ዲ፣ ኢ እና ኤፍ ተብሎ ተከፍሏል። ሲ 60 ጊጋ ብቻ ነው፤ ቀይ ሆኖ ሞልቷል። ዲ ባዶ ስለሆነ አሳንሼው 100 ጊጋ ነፃ አወጣሁ። ሲ ላይ ግን ‹ኤክስቴንድ ቮልዩም› የሚለው ደብዝዞ አይጫንም። ምን አጠፋሁ?»

መምህር፣ ያጠፉት የለም፤ ያጠፋው ለሲ 60 ጊጋ የሰፈረልዎ ሰው ነው። አንድን ዲስክ አራት ቦታ መሸንሸን እዚህ አገራችን እንደ ሙያ ምልክት ይታያል። ለፊልም አንድ፣ ለዘፈን አንድ፣ ለፎቶ አንድ። ለዚያ ፎልደር ይበቃል። እኔ ከሁለት በላይ የምከፍለው በቂ ምክንያት ሲነገረኝ ብቻ ነው፤ አንዱ ሞልቶ ሌላው ባዶ የሚቀረው በሽንሸና ምክንያት ነውና።

ችግሩ ይህ ነው፦ ዲን ሲያሳንሱት የሚለቀቀው ከጭራው ነው። ስለዚህ ባዶው ቦታ ከዲ በስተቀኝ፣ በዲ እና በኢ መካከል ተቀምጧል። ሲ ደግሞ ሊሰፋ የሚችለው ከራሱ ቀኝ ተያይዞ ወዳለ ባዶ ቦታ ብቻ ነው፤ ዲን ዘሎ አይሄድም። ዲ ውስጥ የቀረ ነገር ካለ ወደ ኤፍ ገልብጠው፣ ዲን ሰርዘው፣ ሲን አስፍተው፣ በተረፈው እንደገና ዲን መሥራት ይችላሉ። ከዚያ በፊት ግን ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ዲ፣ ኢ እና ኤፍ ባንድነት በአረንጓዴ ክፈፍ ታጥረው እንደሆነ ይመልከቱ። ታጥረው ከሆነ ዲስኩ የተከፈለው በድሮው በኤምቢአር ስልት ነው። ያ ስልት ከአራት ዋና ክፍል በላይ አይመዘግብም፤ ለዚህ ነው ክፍሎቹ በአንድ ትልቅ ክፈፍ ውስጥ የሚታጨቁት። ዲን ቢሰርዙትም ቦታው በክፈፉ ውስጥ ይቀራል እንጂ ለሲ አይወጣም፤ ክፈፉ እንዲፈርስ ኢ እና ኤፍም ተገልብጠው መሰረዝ አለባቸው። በአዲሱ በጂፒቲ ስልት ዊንዶውስ እስከ 128 ክፍል ስለሚመዘግብ ይህ ጣጣ የለም።

ሁሉን ሳይሰርዙ ክፍሎቹን የሚያንሸራትቱ ፕሮግራሞች አሉ፤ ጂፓርቴድ ነፃ ነው፣ ከፍላሽ ላይ ይነሳል፣ ክፈፉንም ይገፋልዎታል። ነገር ግን ማንሸራተት ማለት በመቶ ጊጋ የሚቆጠር መረጃ ከቦታ ቦታ ማጓጓዝ ነው፤ ሰዓታት ይወስዳል። የእርስዎ ደግሞ ዴስክቶፕ ነው። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያሻግር ባትሪ) ከሌለ፣ ያውም በእኛ ከተማ መብራት፣ አልመክርዎትም። መሃል ላይ ቢጠፋ ግማሹ በድሮው ቦታ ግማሹ በአዲሱ ይቀራል።

መጀመሪያ ያለ ቀዶ ጥገና ይሞክሩ። ዲስክ ክሊንአፕን ከፍተው «ክሊንአፕ ሲስተም ፋይልስ» ይበሉ፤ «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚባል የቀድሞ ዊንዶውስ ቅሪት ካለ ብዙ ጊጋ ይለቅቅልዎታል። ለኮምቦልቻዋ እህታችን በጻፍኩት መሠረት ሃይበርኔሽንን ያጥፉና ዶክመንትስንና ዳውንሎድስን ወደ ዲ ያዙሩ። ያሳነሱትን 100 ጊጋ ዲ ላይ ኤክስቴንድ ብለው ይመልሱለት። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻውን ይበቃል።

«ጋሼ፣ የወንድሜ ልጅ ዊንዶውስ ልጫንልህ ብሎ ዲን ዴሊት አደረገው። የልጄ የሠርግ ቪዲዮ እዚያ ነበር። አሁን ባዶ ቦታ ነው የሚታየው፤ አዲስ ዲ ልፍጠርበት ይላል። ተስፋ አለኝ?»

አይፍጠርበት! ኮምፒዩተሩን አሁኑኑ ያጥፉት። ሌላው ሁሉ ይቆያል።

ተስፋ አለዎት፣ ምክንያቱን ልንገርዎት። ፓርቲሽን ሲሰረዝ የሚጠፋው መዝገቡ ነው፤ ክፍሉ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ የተጻፈበት ማለት ነው። ቪዲዮው ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በቦታው አለ። ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሁለተኛ ዲስክ አድርጎ መሰካት፣ ከዚያ ቴስትዲስክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የድሮውን ክፍል ድንበር ማስፈለግ ነው። ካገኘው ውስጡ ያሉትን ፋይሎች ዘርዝሮ ያሳያል። ድንበሩን ወደ ዲስኩ መልሶ ከማስጻፍ በፊት ቪዲዮዎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ያስገልብጡ። ፕሮግራሙ ጥቁር ገጽ ላይ በቀስት ቁልፍ የሚሠራ ነው፤ ከዚህ በፊት የሠራበት ሰው ይያዘው። «ልሞክር» ለሚል አይስጡ፣ የወንድምዎን ልጅ ጨምሮ።

ዲስኩ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ ነው ይህን ያህል በድፍረት የምናገረው። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ) ከሆነና ባዶው ቦታ ላይ አዲስ ክፍል ተፈጥሮ ፎርማት ከተደረገ፣ ዊንዶውስ «ይህ ቦታ አያስፈልግም» የሚል ትእዛዝ ወደ ዲስኩ ይልካል፤ ዲስኩም በራሱ ጊዜ ያጸዳዋል። ከዚያ በኋላ ቴስትዲስክም እኔም የምናደርገው የለም። አይፍጠርበት ብዬ የጮህኩት ለዚህ ነው። እስከዚያው ግን ሠርጉን የቀረጸው ስቱዲዮ ዋናውን ቅጂ ይዞት እንደሆነ ደውለው ይጠይቁ፤ ከሁሉም የሚቀለው ይህ ነው።

«ኮምቦልቻ ተማሪ ነኝ። ከዊንዶውስ 11 ጎን ኡቡንቱ የሚባለውን ሌላ ነፃ ሲስተም መጫን እፈልጋለሁ። ፓርቲሽኑን በኤንቲኤፍኤስ አዘጋጅቼ ነው የምጭንበት?»

አይደለም። ሲን አሳንስና ቦታውን «አንአሎኬትድ» እንደሆነ ተወው፤ ፎርማት አታድርገው። የኡቡንቱ መጫኛ ራሱ በሚፈልገው በኤክስት 4 ያበጀዋል። 25 ጊጋ ትንሹ ነው፤ ፕሮግራሚንግ የምትማር ከሆነ 60 ስጠው። ከሁሉ በፊት ግን ሲ ላይ የቁልፍ ምልክት እንዳለ ተመልከት። ካለ ዲስኩ በቢትሎከር ተቆልፏል ማለት ነውና 48 አኃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር ከማይክሮሶፍት አካውንትህ አውጥተህ በወረቀት ጻፈው፤ የማስነሻ ቅንብር ስትነካ ዊንዶውስ ድንገት ሊጠይቅህ ይችላል፣ ያኔ ቁጥሩ የሌለው ሰው ፋይሉም የለውም። ከፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ፋስት ስታርትአፕን አጥፋ። ካላጠፋኸው ዊንዶውስ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ኡቡንቱም የዊንዶውሱን ክፍል ለማንበብ ብቻ ይከፍትልህና መጻፍ ይከለክልሃል።